ሁለት ምልክት ያለው ፋይል

በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ በጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያና በእድር ጥሪ መካከል፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። «ለመላው ሠራተኞች በሙሉ። በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ጉዟችን አዲስ ምዕራፍ የሚከፍት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፋይሎች የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ፕሮግራም በሲዲ ተጭኖ የደረሰን ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ይረባል ወይስ አይረባም የሚለውን መርምሮ የሚወስን ኮሚቴ የተቋቋመ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናስታውቃለን። ኮሚቴው ረቡዕ ይቀመጣል። በዕለቱ ባለጉዳይ አይስተናገድም።» ከግርጌው አንድ ባለጉዳይ በእስክሪብቶ «በሌላውስ ቀን መቼ ተስተናገድን» ብሎ ጽፎበታል፤ ሌላ እጅ ደግሞ ሰርዞታል፤ የሰረዘው እጅ ግን ስስ ስለነበር ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

የኮሚቴው ጸሐፊና የጽሕፈት ቤቱ ብቸኛ የኮምፒውተር ባለሙያ ምንይሉ፣ ረቡዕ ጠዋት ከእንቅልፉ የነቃው ፕሮግራሙን ለመጣል ቆርጦ ነው። ፕሮግራሙ ምንም አልበደለውም። እንዲያውም ሲዲው በመጣ ዕለት ሰዉ ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሱ ቀርቶ ከፍቶት ነበር፤ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ይከፍታል። ፋይሉን ሳይከፍቱት ውስጡን ያሳያል። ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ስለ ምን እንደሆነ በየረድፉ ይደረድራል። በየፋይሉ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ይለጥፋል። ምንይሉ ዩኒቨርሲቲ እያለ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ነገር ግን ሚስቱ በዛወርቅ ደብረ ብርሃን ነው የምታስተምረው፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የእሱ የዝውውር ደብዳቤ ደግሞ በኃላፊው በአቶ ሸዋንዳኝ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አቶ ሸዋንዳኝ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነግረውታል፦ «ምንይሉ፣ እኔ ሰው መጉዳት አልወድም። ፕሮግራሙ ከረባ የምታሠለጥንበት አንተ ነህ፤ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ትቆያለህ። ካልረባ ሲዲውን ለላኩልን ልትመልስ ደብረ ብርሃን ትሄዳለህ፤ እዚያው ትቀራለህ።» ሁለት ዓመት ማለት ልጁ ተወልዶ፣ ድኾ፣ ቆሞ፣ አባቱን «ይኼ ማነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ ነው።

ምንይሉ የሚኖረው አማቱ ቤት ነው። አማቱ ጋሽ አባይነህ የዚያው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጃቸው አግብታ ደብረ ብርሃን ስትመደብ በምትኳ ባሏን የተወችላቸው ያህል ሆነ። ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ የጋሽ አባይነህ አልጋና የበግ ጠጉር ባናቸው ነው፤ ሌላው ደግሞ የምንይሉ ፍራሽ፣ የገብስ ጆንያ፣ የተሰበረ ራዲዮና ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ። ምንይሉ በመኝታው ትይዩ ያለውን የጋዜጣ ገጽ በቃሉ ይዞታል፤ ስለ ስኳር ፋብሪካ ነው። አማትና አማች ናቸውና ብዙ አይነጋገሩም። ቢሮ ውለው ተከታትለው ይመለሳሉ፣ ገበታ ይቀርባሉ፣ አንዱ «ጨው አቀብለኝ» ካለ ያ ቀን ብዙ የተወራበት ቀን ይባላል። ያን ጠዋት ጋሽ አባይነህ ጿሚ ናቸውና እሳቸው ሳይቀምሱ ለምንይሉ በሶ በጥብጠው ሰጡት፤ ከፊቱ ቁጭ ብለውም ሲጠጣ ተመለከቱት። ጿሚ ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እያየ በሶ መጠጣት ከባድ ነው። በመጨረሻ አፋቸውን ከፈቱ።

«ዛሬ ዝም በል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ትለፈልፋለህ ማለቴ አይደለም። ብቻ ዝም በል። ሸዋንዳኝ ሰው ዝም ሲለው ያፍራል፣ ባፈረ ጊዜ ደግሞ አይረባም ብሎ ይፈርማል። ልጄ ብቻዋን እንድትወልድ አልፈልግም።»

የሁለት ሳምንት ጥርቅም ንግግር ነበር። ምንይሉ በእንዲህ ያለ ንግግር ፊት ምን እንደሚባል ስላላወቀ ኩባያውን አጠበ።

በመንገድ ላይ የግብርና ዴስኩ ጫኔ ተቀላቀላቸው። የመንዟ ሞላሌ ብርድ አፍንጫውን አቅልቶታል፤ አንገቱ ድረስ ተጠቅልሎ እየሄደ ስለ በግ ዋጋ ያማርራል። ገበያ ላይ አንድ ሙክት አይቶ ነበር፤ ባለቤቱ አምስት መቶ ሲለው ጫኔ ስቆበት አለፈ፤ ሲመለስ ሙክቱ ተሸጧል። «የሳቅኩት እኔ፣ የበላው ሌላ» አለ ጫኔ። ጋሽ አባይነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሮ እስኪደርሱ ስለዚያ ሙክት ተወራ፤ ስለ ፕሮግራሙ ያነሳ የለም።

ኮሚቴው የተቀመጠው በአቶ ሸዋንዳኝ ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሷል። አቶ ሸዋንዳኝ ዳንቴሉን እንደ ጽላት መጋረጃ በጥንቃቄ ገፈው፣ አጥፈው፣ ኪሳቸው ከተው፣ ሁሉንም አዩ። አባላቱ አራት ናቸው፦ ጋሽ አባይነህ ስለ መዝገብ ስለሚያውቁ፣ ጫኔ የገበሬውን ድምፅ እንዲያሰማ፣ የሴቶች ጉዳይ ዴስኳ ጌታነሽ በየኮሚቴው አንዲት ሴት መኖር አለባት ስለተባለ፤ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት ስለሌለች ጌታነሽ ያልገባችበት ኮሚቴ የለም፤ የቁልፉን መጥፋት የሚያጣራው ኮሚቴም አባል ናት። አራተኛው ምንይሉ ነው፤ ማብራራትም ቃለ ጉባኤ መያዝም የእሱ ሥራ ነው። አቶ ሸዋንዳኝ ራሳቸው ሰብሳቢ ሆነው ባዶ የውሳኔ ወረቀት ከፊታቸው አስቀምጠዋል። «ባለሙያው ያብራራ» አሉ።

ምንይሉ ፊቱን አኮሳትሮ ጀመረ። «በመጀመሪያ ደረጃ፣ ይህ ፕሮግራም ሁለት መስኮት ነው የሚከፍተው። ሰው አንዱን ነገር በሰላም ሊያይ ሲቀመጥ ሁለት ነገር ይዘረግፍበታል። ዓይን ያደክማል።»

«ምኑ ነው የሚያደክመው?» አለ ጫኔ። «እኔ አንዱን ዓይኔን ከበግ አንዱን ከገብስ ማሳ ሳላነሳ ነው ያደግኩት። አንድ መስኮት ያለው ነው እኔን እንቅልፍ የሚጥለኝ።»

አቶ ሸዋንዳኝ ለቃለ ጉባኤው «ለእረኝነት አመቺ» ብለው አስጻፉ። ምንይሉ ጻፈ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሳይከፍቱት ውስጡን እንደሚያሳይ ገለጸ፤ ይህም የቢሮ ምስጢር የሚያባክን አደገኛ ነገር ነው አለ። ጌታነሽ ይህንን ጎረቤቷ ያለ ኮምፒውተር እንደምትሠራው፣ በር ሳታንኳኳ ምን እንደተወጠወጠ እንደምታውቅ ተናገረች፤ አደጋ ቢኖረው ኖሮ ሠፈሩ ድሮ አልቆ ነበር። ያም «አገር በቀል ዕውቀትን የሚደግፍ» ተብሎ ተጻፈ። ምንይሉ ወደ ሌላው ጉድለት አለፈ። ፕሮግራሙ በየፋይሉ ላይ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ኋላ ማን እንደነካካው የሚመዘግብ ነገረኛ መሆኑን ሲያብራራ፣ አማቻቸውን ዝም በል ብለው የመጡት ጋሽ አባይነህ ሳያስቡት «አባቱን ያውቃል በለኛ» አሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ አባት የሌላቸው ወረቀቶች ከካርቶን ካርቶን ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልባቸው ፈሰሰ። የምንይሉን ዓይን ሲያዩ ግን አስሉ፤ ብርድ እንደመታቸው ለማስመሰልም ደጋግመው አስሉ። ጥቂት ቆይቶ ምንይሉ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የአንድ ፎልደር ፋይሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስማቸው ሲለወጥ ሲያሳይ እንደገና አቃታቸው። «የጅምላ ክርስትና» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ በኋላ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

እንግዲህ ምንይሉ የቀረው ጥይት ኮከብ ነው። ፕሮግራሙ ለፋይል ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ መስጠት ያስችላል። ምንይሉ የአቶ ሸዋንዳኝን ያመቱን ሪፖርት መረጠና፣ እጁ እንደሳተው ሁሉ፣ ሦስት ኮከብ ሰጠው። ጫኔና ጌታነሽ ወደ አቶ ሸዋንዳኝ ዞሩ። ከግምገማ ስብሰባ ወዲህ እንዲህ ያለ ውጤት የሰጣቸው አልነበረም።

«ሁለቱ ኮከቦች የት ሄዱ?» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ።

«አልሞሉም፣ አቶ ሸዋንዳኝ። ፕሮግራሙ እንዲህ ዓይነት ድፍረት አለው። አለቃ አያውቅም።»

አቶ ሸዋንዳኝ ግን ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው የኮምፒውተሩን አይጥ፣ ማውሷን፣ ተቀበሉት፤ ራሳቸው ጠቅ፣ ጠቅ አደረጉ፤ ኮከቦቹ አምስት ሆኑ። ተመለከቱት። ወደ ታች ወርደው ለዕቅዳቸውም አምስት ሰጡት። ለንግግራቸውም። ቀጥለው ላለፈው ኃላፊ ሪፖርት አንድ ኮከብ ሰጡና፣ ጥቂት አሰቡና፣ እሱንም አነሱት። «ይህ ነገር ፍትሕ ያውቃል» አሉ። እስከ ምሳ ድረስ ኮከብ ሲያድሉ ዋሉ።

ከምሳ በኋላ ምንይሉ የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ምልክቱ። ይህንን ሊያልፈው አስቦ ነበር፤ ምክንያቱም ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ጫኔ ግን ጥግ ላይ ያለችውን ባለ ቀለም ክብ አየና «ያቺስ?» አለ። ምንይሉ ሳይወድ አሳየ። ፋይል ይመረጣል፣ ቀለም ይሰጠዋል፤ ፋይሉ የትም ሄዶ ቢደበቅ በቀለሙ ይጠራል፣ ይመጣል።

ጫኔ ከወንበሩ ተነሣ። «ይኼማ የጆሮ ምልክት ነው።»

ሁሉም ገባቸው፤ ከዚህ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ጓሳው ግጦሽ ላይ የስንቱ ቤት በግ ተቀላቅሎ ይግጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የበጉን ጆሮ በራሱ መንገድ ይቆርጣል፦ አንዱ ጫፉን ይቀነጥባል፣ አንዱ መሐሉን ይሰነጥቃል፣ ሌላው ከሥሩ በኩል ይበሳል። በጉ አፍ ባይኖረውም ጆሮው ይናገርለታል። ጫኔ ለግብርና አረንጓዴ ወሰደ። ጌታነሽ ለሴቶች ጉዳይ ቀይ ያዘች። አቶ ሸዋንዳኝ ሐምራዊ ይገባኛል አሉ፤ የተከራከራቸው የለም። ሰዎቹ እንደ ቡሄ ልጆች እየተጋፉ ምልክት ማድረግ ጀመሩ። ፕሮግራሙ ሊረባ ነው።

ምንይሉን የረዳው አንድ ፋይል ነው። «የሴቶች በግ ማድለብ ዕቅድ» ይላል። ጫኔ በግ የሚለውን አየና አረንጓዴ አደረገበት። ጌታነሽ ሴቶች የሚለውን አየችና ቀይ አደረገችበት። ፕሮግራሙም ምንም ሳይከፋው ሁለቱንም ቀለሞች ጎን ለጎን አስቀመጠ። በመንዝ ምድር በአንድ ጆሮ ላይ የሁለት ቤት ምልክት ከታየ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሌባ ነው። የቀረው የትኛው የሚለው ብቻ ነው።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ጫኔ። «ግን መጀመሪያ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«ሌባ ነሽ ነው የምትለኝ?»

«ስለ ፋይሉ ነው የምናገረው።»

«ፋይሉ እግር አውጥቶ መጣ? ያደለቡት ሴቶቹ። ቀለቡን ያመጡት ሴቶቹ። አንተ ምን አደረግክ፣ ቆመህ በጉን አደነቅክ።»

«ግብርና ዴስክ ካላደነቀው በግ አይደልብም፣ ጌታነሽ።»

ሽማግሌ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ተነሣ። በፋይል ላይ ሽማግሌ መቀመጡ አዲስ ነገር ስለሆነ ማን ይቀመጥ በሚለው ላይ ክርክር ሆነ። ያን ጊዜ ጋሽ አባይነህ የጋቢያቸውን ጫፍ ከአፋቸው አነሱ። መውጫው በር ታይቷቸዋል። በጠረጴዛው ሥር የምንይሉን እግር ረገጡና፣ እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብለው ተናገሩ። «አቶ ሸዋንዳኝ፣ እኔ ስፈራ የነበረው ይኼንኑ ነው። በአንድ ጆሮ ሁለት ምልክት የሚፈቅድ ነገር ጎረቤት ያጣላል። ዛሬ እነዚህን ልጆች ነው ያጣላው፤ ነገ ከአጎራባች ወረዳ ጋር ያጋድለናል። ምልክት መፍቀዱ መልካም ነው፤ ሁለተኛውን አለመከልከሉ ግን ለሌባ በር መክፈት ነው። ይመለስ።»

ጫኔ «እውነት ነው» አለ። ጌታነሽ ከጫኔ ጋር መስማማቷ እያበሳጫት ተስማማች። አቶ ሸዋንዳኝ እስክሪብቷቸውን አነሱ። በውሳኔው ወረቀት ላይ «ፕሮግራሙ» ብለው ጻፉ። ምንይሉ የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን በዚያች እስክሪብቶ ጫፍ ላይ ነበረች፤ አንዲት ክፍል፣ በዛወርቅ፣ የሕፃን ልብስ የተሰጣበት ገመድ። ጋሽ አባይነህ እግሩን ሳይለቁ ጣራውን ያያሉ።

አቶ ሸዋንዳኝ እየጻፉ ለራሳቸው ያህል አጉረመረሙ። «መቼም ይኼን የሠራው ሰውዬ ጅል መሆን አለበት። አንድ ነገር ሁለት ቦታ እንደማይሆን አያውቅም።»

«ይሆናል» አለ ምንይሉ።

የአማቱ ጫማ እግሩን ይበልጥ ጫነው።

«ይቅርታ፣ ግን ይሆናል። የፕሮግራሙ ጥበብ እኮ እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ የማን ነው ለማለት አይደለም፤ ስለ ምን ነው ለማለት ነው። በግ አንድ ሆድ ስላለው አንድ በረት ያድራል፤ ፋይል ሆድ የለውም።» ማንም እንዳልገባው ፊታቸው ላይ አየ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። ነገር ግን የሚያውቀውን ነገር ሰው ሳይገባው ሲቀር ምንይሉን አንድ ነገር ይበላዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ በትምህርት ቤት መምህሩ ተሳስተው ሲያልፉ ተነሥቶ ያርማቸውና ይገረፍ ነበር። አሁንም ተነሣ። አንድ እግሩ ስለተረገጠ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ቆመ። «ጋሽ አባይነህን እንውሰድ። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው አይደል? በመድኃኔዓለም ሰንበቴም አሉ። እድርም አላቸው። ሦስት ቦታ ስማቸው አለ፤ ሦስት ቦታ ስለተገኙ ተሰርቀዋል ማለት ነው? የሚካኤሎቹ ሰንበቴዎቹን ሌባ ይላሉ? ሁለቱም ‹ጋሽ አባይነህ የእኛ ናቸው› ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሰውዬው ግን አንድ ናቸው፤ ይኸው ተቀምጠዋል።»

ሁሉም ዞረው ጋሽ አባይነህን ተመለከቷቸው። ጋሽ አባይነህ በዚያች ደቂቃ ከየትኛውም ማኅበር መሰረዝ የፈለጉ ይመስላሉ።

ምንይሉ ግን ሞቆታል። አይጧን ይዞ አረንጓዴውን ተጫነ፤ የግብርና ፋይሎች ተሰበሰቡ፣ የበግ ማድለቡም አብሮ መጣ። ቀዩን ተጫነ፤ የሴቶቹ መጡ፣ እሱም መጣ። ሁለቱን አንድ ላይ ተጫነ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ እሱ ብቻ ቀረ። «አያችሁ? ሁለቱም ጠሩት፤ ለሁለቱም አቤት አለ።» ነገሩ በእውነት ያምር ነበር።

ጌታነሽ ጫኔን አየችው። «እንግዲያው ማኅበርተኛ ነን።»

«ጽዋው የሚጀመረው ከአንቺ ቤት ነው» አለ ጫኔ። ሳቁ። አቶ ሸዋንዳኝ «ፕሮግራሙ» ከሚለው ቀጥለው «እጅግ በጣም ይረባል» ብለው ጻፉና ፈረሙ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ትፍ ትፍ ብለው መቱት። ከዚያ ተነሥተው የምንይሉን እጅ ጨበጡ። እንዲህ የሚያብራራ ሰው መልቀቅ ወንጀል እንደሆነ፣ ሁለት ዓመትም እንደሚያንስ ተናገሩ። ተጨበጨበ። ምንይሉም አብሮ አጨበጨበ፤ ሦስት ጊዜ ካጨበጨበ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የገባው፤ እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሽ አባይነህ ከፊት ከፊት ሄዱ። ንፋሱ ጋቢያቸውን ይገልባል፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሰላም ሲሏቸው በአንገታቸው ብቻ ይመልሳሉ። ቤት ገብተው ሽሮ ሠሩ፣ ገበታ ቀረበ። ሁለቱም ከየፊታቸው እየቆረሱ በሉ። ምንይሉ ስለ ስኳር ፋብሪካው የሚያወራውን ጋዜጣ በመሐል በር በኩል አሻግሮ አየ፤ ለሁለት ዓመት ሲያነበው ራሱን አየ።

«እግርህ አመመህ?» አሉ ጋሽ አባይነህ።

«አላመመኝም፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ስረግጠው ስለዋልኩ ነው። ኋላማ የጠረጴዛው እግር ይሆን እንዴ ብዬ ተጠራጥሬ ነበር።»

ያን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። ጋሽ አባይነህ ስልክ ሲያነጋግሩ ቆመው፣ ደብረ ብርሃን ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብለው ነው። «ደኅና ነኝ ልጄ። አዎ፣ በልቷል። አዎ፣ ተቀመጡ። አለፈ። አዎ፣ ፕሮግራሙ ነው ያለፈው። እኔማ ጥዬው ነበር፤ ወድቆ መሬት ነክቶ ነበር። ማን እንዳነሣው ራሱ ያብራራልሽ፤ እሱ ማብራራት ይወዳል።» ስልኩን ዘርግተው ሰጡት፤ ተመልሰውም ከገበታው ፊት ተቀመጡ። የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ቢኖርም እንኳ አይሄዱም ነበር።

«ምንይሉ» አለች በዛወርቅ። ድምፅዋ በጣም ጸጥ ያለ ነበር። «ልትጥለው አልነበረም እንዴ?»

«ነበር።»

«ታዲያ ማን አሳለፈው?»

«እኔ።»

በመስመሩ ላይ የደብረ ብርሃን ንፋስ ይሰማል፤ ወይም ትንፋሿ ነው። ጋሽ አባይነህ ቁራሽ እንጀራ እንደያዙ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«እሺ። አልቆጣም። ብቻ ለምን እንደሆነ በደንብ አስረዳኝ።»

«አላስረዳም» አለ ምንይሉ። «ሳስረዳ ነው ያሳለፍኩት።»